«ውሃው አያልፍም»፦ ስለ ኔፓል ካስት የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከዓረብ አገር የሚጽፉልን አንባቢዎች አብረዋቸው ስለሚኖሩና ስለሚሠሩ ኔፓላውያን ደጋግመው ይጠይቁናል። ከአሜሪካና ከአዲስ አበባም ተመሳሳይ ደብዳቤ ስለደረሰን የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍነው ካለ «ዓ.ም.» ብለንበታል። ኔፓልም እንደ እኛ የራሷ አቆጣጠር አላት፤ የእኛ ወደ ኋላ ሲቀር የእነሱ ከአውሮፓው ወደ 57 ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ «የ2068 ሕግ» የሚል ወረቀት ብታዩ አትደንግጡ፤ የ2011 ሕግ ነው።

«ከሁለት ኔፓላውያን ሴቶች ጋር አንድ ክፍል እንኖራለን። አንደኛዋ የቀቀለችውን ሩዝ ሌላዋ አትቀምስም፤ ከእኔ ጋር ግን ትበላለች። ተጣልተው መስሎኝ ላስታርቃቸው ብሞክር ሁለቱም ዝም አሉኝ። ነገሩ ምንድን ነው? እኔስ ምን ላድርግ?» — አንባቢ፣ ከዶሃ

እህታችን፣ ላይጣሉም ይችላሉ። በኔፓል ካስት፣ ማለትም በትውልድ የሚወረስ የሰው ደረጃ፣ የሚለካው በውሃ ነው። «ፓኒ ቻልኔ» ማለት ውሃው የሚያልፍ፣ «ፓኒ ናቻልኔ» ማለት ውሃው የማያልፍ ሰው ነው። ዝቅ ያለ የሚባለው ሰው የቀዳውን ውሃ ከፍ ያለው አይጠጣም፤ ከፍ ያለው የቀዳውን ግን ዝቅ ያለው ይጠጣል። ከምግብ ደግሞ ጥብቅ የሚባለው በውሃ የተቀቀለ ሩዝ፣ እነሱ «ባት» የሚሉት ነው። ጥሬ እህል፣ ያልተላጠ ፍራፍሬ፣ በቅቤ የተጠበሰ ነገር ያን ያህል አያጣላም። የጓደኛዋን ሙዝ ተቀብላ ሩዟን እምቢ ብትል ነገሩ ይኸው ነው።

በገጠር ሻይ ቤት ሲታይ እንዲህ ነው፦ ሻይ ሻጩ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጎ የብርጭቆውን አፍ ሳያስነካ ይቀዳል። ዝቅ ያለ የሚባለው ጠጪ ደጅ ቆሞ ወይም ጥግ ተቀምጦ ይጠጣና ብርጭቆውን ራሱ አጥቦ ይደፋዋል። ሌላው ደንበኛ የጠጣበትን ሻጩ ያጥባል፤ የእሱን ግን አይነካም። ጠበቅ ባለበት ቤት ደግሞ እሱ የነካው ሰው ወይም ዕቃ «ሱን ፓኒ» ማለትም ወርቅ የተነከረበት ውሃ ይረጭበታል።

«ውሃው የማያልፍ» የሚባሉት ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት ብለው የሚጠሩት ናቸው። በተራራማው ክፍል ብረት ቀጥቃጮቹ ካሚ፣ ልብስ ሰፊና ሙዚቀኞቹ ዳማይ፣ ቆዳ ሠሪዎቹ ሳርኪ ይባላሉ። በደቡቡ ሜዳ ደግሞ ቻማር፣ ሙሳሃር፣ ዱሳድ፣ ዶም የሚባሉ አሉ። ሰርግ ያለ ዳማይ ነጋሪትና መለከት አይደምቅም፤ ማጭዱንም ኩክሪ የሚባለውን ቢላም የሚቀጠቅጠው ካሚ ነው። ሥራቸው ቤት ይገባል፣ እነሱ ግን ደጅ ይቀራሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሁለቱም ሴቶች ዳሊት ሊሆኑ ይችላሉ። በዳሊቶች መካከልም ደረጃ አለ፤ ካሚ ከዳማይ እጅ ውሃ አልቀበልም ሊል ይችላል። ደግሞም በድሮው የኔፓል ሕግ አውሮፓውያንና ሙስሊሞች «ውሃቸው የማያልፍ፣ ቢነኩ ግን የማያረክሱ» በሚለው መደብ የተጻፉ ናቸው። በመጽሐፉ ከሄድን ያንቺም ወጥ ባላለፈ ነበር! ካንቺ ጋር የምትበላው ደንቡ የሚጠነክረው ሁለቱም ስማቸውን በሚተዋወቁበት ቦታ ስለሆነ ነው። የሩቅ ሰው ነሽና ሚዛኑ ላይ አልወጣሽም።

ምን ላድርግ ላልሽው፦ ካስትን የሚያሳብቀውን የቤተሰብ ስማቸውንም ሆነ ካስታቸውን አትጠይቂ። ብዙ ዳሊቶች ከአገራቸው ሲወጡ ስማቸውን የሚያሳጥሩት ይህን ጥያቄ ለመሸሽ ነው። በሰው ፊት «ታረቁ» ብለሽ አትጫኚያቸው፤ ተጎጂዋን ማጋለጥ ይሆንባታል። ማን ከማን ሩዝ ይቀበላል የሚለውን ለራሳቸው ተዪው። ነገር ግን የጋራ የሆነው ድስት፣ ፍሪጅ ወይም የውሃ ማሽን «እሷ አትንካው» ከተባለ፣ ወይም አንድ ብርጭቆ ተለይቶ «የእሷ» ከተባለ ዝም አትበይ። ለኃላፊ ስትናገሪም «ካስት» የሚለውን ቃል ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ «የጋራውን ዕቃ እንዳትጠቀም ከለከለቻት» ብለሽ ድርጊቱን ብቻ ተናገሪ። ያንን ማንም አለቃ ይረዳዋል።

«ካስት በ1963 በሕግ ተሽሯል ተብለን ተምረናል። ታዲያ ለምን በየአሥር ዓመቱ ሌላ ሕግ ይወጣል?» — የሕግ ተማሪ፣ አዲስ አበባ

ምክንያቱም እያንዳንዱ ሕግ አንዳንድ ቀዳዳ ትቶ ነው የሄደው። መጀመሪያ ነገሩን በጽሑፍ ያሰፈረው በ1854 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጃንግ ባሃዱር ራና ያወጡት «ሙሉኪ አይን» ነው። ሕዝቡን በአምስት እርከን ደረደረው፦ የተቀደሰ ክር የሚለብሱ፤ መጠጥ የሚጠጡና ባሪያ የማይደረጉ፤ መጠጥ የሚጠጡና ባሪያ ሊደረጉ የሚችሉ፤ ውሃቸው የማያልፍ ግን ቢነኩ የማያስረጩ፤ በመጨረሻም ውሃቸው የማያልፍ ቢነኩም የሚያስረጩ። ለአንድ ጥፋት የሚጣለው ቅጣትም እንደ አጥፊውና እንደ ተበዳዩ እርከን ይለያያል።

በ1963 በንጉሥ ማሄንድራ ዘመን የወጣው አዲሱ ሙሉኪ አይን እርከኑን ከሕጉ አወጣው፤ ያገለለውን ሰው የሚቀጣ አንቀጽ ግን አላስገባም። ዳኛው «አግልሏል» ቢል እንኳ የሚፈርድበት ቁጥር አልነበረውም። በ2006 ፓርላማው አገሪቱን «ከመገለል ነጻ» ብሎ አወጀ፤ አዋጅ ብቻ ነበር። ጥርስ ያለው ሕግ የመጣው በ2011 ነው። ትልቁ ቁም ነገሩ በአደባባይ ብቻ ሳይሆን በግል ቦታም፣ ማለትም በቤት፣ በኪራይ ክፍል፣ በድግስ ላይ የሚፈጸመውንም ወንጀል ማድረጉ ነው። የ2015ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 24ን ለመገለል ክልከላ፣ አንቀጽ 40ን በተለይ ለዳሊቶች መብት ሰጠ፦ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ነጻ ትምህርት ከድጎማ ጋር፣ መሬት ለሌለው ዳሊት አንድ ጊዜ መሬት፣ ቤት ለሌለው መጠለያ፣ በመንግሥት አካላት ሁሉ ውክልና።

ሕጉ ይህን ያህል ሄዶ መንደሩ ለምን ቀረ? ካስት የቆመው በሕግ ላይ ስላልነበረ ነው፤ የቆመው በእህል ላይ ነው። «ባሊ ጋሬ» በሚባለው ልማድ አንድ ልብስ ሰፊ ወይም ቀጥቃጭ ቤተሰብ ለተወሰኑ ባለመሬት ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ክፍያው በመኸር የሚሰፈርለት እህል ነው። በሩቅ ምዕራብ ደግሞ «ሃሊያ» የሚባሉ፣ አብዛኞቹ ዳሊት የሆኑ ገበሬዎች ለአባታቸው ዕዳ የባለመሬቱን በሬ ጠምደው ያርሱ ነበር፤ ነጻ የወጡት በ2008 ነው። በእንዲህ ዓይነት መንደር ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ሰው በመጪው መኸር ቁናው ባዶውን ይመለሳል። ይህን የሚያውቅ ተበዳይ ሕጉን ሳያነብ ቀርቶ አይደለም ዝም የሚለው።

«በእርዳታ ድርጅት ተቀጥሬ ወደ ምዕራብ ኔፓል ልሄድ ነው። አንድ ዳሊት ተበደልኩ ብሎ ቢመጣ አቤቱታው በየት በየት ይሄዳል? የትስ ይደናቀፋል?» — አንባቢ፣ ከናይሮቢ

በመጀመሪያ ጊዜውን ይቁጠሩ። አቤቱታ የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው። ከሁሉም በላይ ሰው የሚያጣው በዚህች ይርጋ ነው። መንደሩ «በሽማግሌ እንጨርሰው» ይላል፤ አንድ ስብሰባ ለበዓል ይተላለፋል፣ ሌላው ለእርሻ ይተላለፋል፣ ሽማግሌዎቹ ሲጨርሱ ሦስት ወሩም አልቋል።

አቤቱታው የሚገባው በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ነው። ወንጀሉ መንግሥት ከሳሽ የሚሆንበት ስለሆነ ተበዳዩ ጠበቃ ማቆም አይጠበቅበትም፤ ፖሊስ ይመረምራል፣ የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ የወረዳ ፍርድ ቤት ይፈርዳል። በ2018 በተሻሻለው ሕግ ቅጣቱ ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት እስራትና ከ50,000 እስከ 200,000 ሩፒ መቀጮ ነው። አጥፊው የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ከሆነ ቅጣቱ በግማሽ ይጨምራል።

የሚደናቀፍበትን ቦታ ደግሞ በቅርበት እንይ።

አንዱ የመዝገቡ ጠረጴዛ ነው። ተረኛው ፖሊስ «አልመዘግብም» ላይል ይችላል፤ ይልቁንም ነገሩን «ጨዋነት የጎደለው ጠባይ» ብሎ ይመዘግበዋል። ያ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ወረዳው ዋና አስተዳዳሪ የሚሄድ ቀላል ጥፋት ነው፤ ካስት የሚለው ቃል ከመዝገቡ ይጠፋል። ስለዚህ ማመልከቻው ሲጻፍ ሕጉ በስሙ ይጠራ፤ ከገባ በኋላም በምን ርዕስ እንደተመዘገበ ማየትና የምዝገባ ቁጥሩን ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ፖሊስ አልቀበልም ካለ በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ለወረዳው ዐቃቤ ሕግ ወይም አንድ ደረጃ ከፍ ላለው ፖሊስ ማቅረብ ይቻላል። ብሔራዊ የዳሊት ኮሚሽንና የአካባቢው ማዘጋጃ ቤትም ተቀብለው ወደ ፖሊስ ይመሩታል።

ሌላው «ሚላፓትራ» ነው፤ የዕርቅ ወረቀት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ጣቢያ ውስጥ ይጻፋል፦ አጥፊው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ጥቂት ብር ይሰጣል፣ ተበዳዩ ይፈርማል። እኛ ዕርቅ የምንወድ ሕዝብ ስለሆንን ይህ መልካም ሊመስለን ይችላል። ግን ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ እዩ፦ አንዱ ወገን መሬቱም፣ ሱቁም፣ የውሃ ቧንቧውም የእሱ ነው፤ ሌላው ነገም ከዚያው ቧንቧ መቅዳት አለበት። መንግሥት የሚከስበትን ወንጀል ፖሊስ ራሱ እንዲያስታርቅ ሕጉ አልላከውም። ስለዚህ እርስዎን የመሰለ የድርጅት ሰው በዕርቁ ወረቀት ላይ ምስክር ሆኖ ባይፈርም ይሻላል።

ሦስተኛውና ረቂቁ ማስረጃ ነው። ተከሳሹ «በካስቱ አይደለም፤ ክፍሉ ቀድሞ ተይዞ ነበር» ይላል። ይህን የሚያፈርሰው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ለምሳሌ ቤት ኪራይ ላይ፦ ዋጋ ተስማሙ፣ ቁልፍ የሚሰጥበት ቀን ተቆረጠ፣ ከዚያ አከራይዋ «ታር ኬ ሆ?» ብላ የቤተሰቡን ስም ጠየቀች፣ ተነገራት፣ በማግስቱ «ክፍሉን ወንድሜ ፈልጎታል» አለች፣ ከሳምንት በኋላ ክፍሉ አሁንም ይከራያል። ይህ ከቀን ከሰዓት ጋር፣ የተባለው ቃል እንደወረደ፣ የስልክ መልእክቱም ሳይጠፋ ከተያዘ ክስ ይሆናል። «በካስቴ ምክንያት አዋረደችኝ» ብሎ ብቻ መጻፍ ግን መዝገቡን ባዶ ይተወዋል። ዋና ከተማው ውስጥ እንኳ ይህ ቀላል አይደለም። በ2021 ካትማንዱ ውስጥ አንዲት ዳሊት ጋዜጠኛ ክፍል ተከለከልኩ ብላ ከስሳ አከራይዋ ታሰረች፤ ስትፈታ በመኪናው ቤቷ ያደረሳት የወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር ነበር።

ስለ ጋብቻ የሚመጣ አቤቱታ ከሆነ ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው። በሜይ 2020 በምዕራብ ሩኩም አንድ ዳሊት ወጣት ከፍ ካለ ካስት የሆነች ፍቅረኛውን ለማምጣት ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ ስድስት ወጣቶች ተገድለው ከወንዝ ተገኙ። ልጆቹ ጠፍተው ከሆነ ወይም ዛቻ ካለ ወረቀት ከመጻፍ በፊት ደኅንነታቸውን ያስቀድሙ።

«ዳሊቶች በመንግሥት ሥራ 9 በመቶ ኮታ አላቸው ይባላል። 13 በመቶ ለሚሆን ሕዝብ ያን ያህል አያንስም። ታዲያ ቅሬታው ምንድን ነው?» — አንባቢ፣ ከሐዋሳ

9 በመቶው የጠቅላላው ሳይሆን የኮታው ነው። በ2007 የሲቪል ሰርቪስ ሕጉ ሲሻሻል ከሚወጣው ክፍት ቦታ 45 በመቶው ተለይቶ፣ ያ 45 ደግሞ እንደ አንድ መቶ ተቆጥሮ ተከፋፈለ፦ ለሴቶች 33፣ ለነባር ብሔረሰቦች (አዲባሲ ጃናጃቲ) 27፣ ለማዴሲ (የደቡቡ ሜዳ ሰዎች) 22፣ ለዳሊት 9፣ ለአካል ጉዳተኞች 5፣ ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች 4።

100 ክፍት ቦታ ቢወጣ ሒሳቡ እንዲህ ይመጣል፦ 55ቱ ለሁሉም ክፍት ነው። ከቀሪው 45 ሴቶች 15 ያህል፣ ጃናጃቲ 12፣ ማዴሲ 10፣ ዳሊት 4፣ አካል ጉዳተኞች 2፣ ወደ ኋላ የቀሩት አካባቢዎች 2። ስለዚህ ለ13 በመቶው የተለየው ቦታ ከመቶ አራት ነው።

አራቱም በእኩል አይደርሱም። ፈተናውን የሚያወጣው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን፣ በአገሩ አጠራር ሎክ ሴዋ ነው። ዝግጅቱ ካትማንዱ ባግባዛርና ፑታሊሳዳክ አካባቢ በሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት ወራት ይፈጃል፤ ኪራይና ምግብ ሲጨመር የቀን ሠራተኛ ልጅ የሚችለው አይደለም። በዚህ ላይ ለክፍቱም ለኮታውም መወዳደር የሚፈልግ ሰው ለእያንዳንዱ ጨምሮ ይከፍላል። ስለዚህ የዳሊቱን ቦታ ባብዛኛው የሚወስዱት የተራራው ክፍል ዳሊቶች፣ ከእነሱም የተማረ ወላጅ ያላቸው ናቸው። የሜዳው ሙሳሃር ወይም ዶም ከዚያ ፈተና አዳራሽ አይታይም። በእኛ አስተያየት የኮታው ትልቁ ጉድለት ቁጥሩ ማነሱ ሳይሆን ይህ ነው፤ ዳሊትን ሁሉ እንደ አንድ ሰው ይቆጥራል።

የስም ጣጣም አለ። ብዙ ዳሊቶች ከፍ ያሉ ከሚባሉት ከብራህማንና ከቼትሪ ጋር አንድ ዓይነት የጎሳ ስም አላቸው፤ ጊሚሬም ኮይራላም የሚባል ዳሊት ታገኛላችሁ። ኮታውን ለመጠቀም ዳሊትነቱን በወረቀት ማስመስከር፣ ክፍል ለመከራየት ደግሞ ያንኑ መደበቅ አለበት። ስለዚህ አንዱ «ቢሽዎካርማ» የሚለውን «ቢ.ኬ.» ብሎ ያሳጥራል፣ ሌላው «ኔፓሊ» ብሎ ያልፋል። ዜግነት ወረቀቱ ላይ አንድ፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ሌላ ስም ካለ ማመልከቻው ይወድቃል። ልጅ ያላቸው ኔፓላውያን ባልንጀሮች ካሏችሁ ንገሯቸው፦ ስሙ መስተካከል ያለበት ከአሥረኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማረም መንከራተት ነው።

«በኔፓል የቀበሌ ምክር ቤት ለዳሊት ሴት ቦታ በሕግ ተይዟል የሚባለው እውነት ነው?» — አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

እውነት ነው። አገሪቱ 753 የአካባቢ አስተዳደሮችና በውስጣቸው 6,743 «ዋርድ» የሚባሉ ቀበሌዎች አሏት። እያንዳንዱ ዋርድ አንድ ሊቀመንበርና አራት አባላት ይመርጣል፤ ከአራቱ ሁለቱ ሴቶች፣ ከሁለቱ ሴቶችም አንዷ ዳሊት መሆን አለባት። በ2017 ምርጫ በዚህ መንገድ ከ6,500 በላይ ዳሊት ሴቶች ተመርጠዋል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም የለም። ዳሊት ነዋሪ በሌለበት ወይም ተወዳዳሪ ባልቀረበበት ዋርድ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል።

የሚጎድለው ብዕሩ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈርመው፣ ማኅተሙን የሚይዘው ሊቀመንበሩ ነው፤ ፓርቲዎች ደግሞ ዳሊት ሴትን ለዚያች ለተያዘችላት ቦታ እንጂ ለሊቀመንበርነት እምብዛም አያቀርቡም። ቢሆንም ወንበሩ ጥቅም የለውም የሚሉትን አንቀበልም። ዜግነት ለማውጣት፣ ልደት ለማስመዝገብ፣ የድጎማ ስም ዝርዝር ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ የሚያስፈልገው የዋርድ ድጋፍ ደብዳቤ ነው። የዋርዱን ቢሮ ደጃፍ ፈርታ የማታልፍ ሴት አሁን ውስጥ የምታውቃት ሰው አለቻት።

«ኔፓላዊው የሥራ ባልደረባዬ ከእኔ እኩል ይከፈለዋል፤ ሦስት ዓመት ሠርቶ ግን ከዕዳ አልወጣም። ይህ ከካስት ጋር ይያያዛል?» — አንባቢ፣ ከዱባይ

ይያያዛል፤ መንገዱ መሬት ነው። ባንክ የሚያበድረው የመሬት ካርታ ለሚያሲዝ ነው። ዳሊቶች ባብዛኛው መሬት አልባ ወይም ከጓሮ የማይበልጥ ይዞታ ያላቸው ስለሆኑ ወደ መንደር አራጣ አበዳሪ ይሄዳሉ። የተለመደው ወለድ «ሳይካዳ ቲን»፣ ከመቶ ሦስት በወር ነው። 150,000 ሩፒ ተበድሮ የመጣ ሰው በየወሩ 4,500 ወለድ ብቻ ይከፍላል፤ በዓመት 54,000። በሦስት ዓመት የከፈለው ወለድ 162,000 ይሆናል፣ ዋናው ግን እንዳለ ነው። ያው የሚከፈለው ባለመሬት ጓደኛው የባንኩን ብድር ቀደም ብሎ ይጨርሳል።

ገንዘቡ ለምን እንደተከፈለም ጠይቀው። ከ2015 ጀምሮ በኔፓል ደንብ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ማሌዢያ ለሚሄድ ሠራተኛ ቪዛና ትኬት የአሠሪው ወጪ ነው፤ ኤጀንሲ ከ10,000 ሩፒ በላይ መጠየቅ አይችልም። የተለመደው ማታለል የ10,000 ደረሰኝ ሰጥቶ አሥር እጥፉን በእጅ መቀበል ነው። ገንዘቡን ለደላላ ሲሰጥ የነበረ ምስክር፣ የባንክ ዝውውር ወይም የስልክ መልእክት ካለው ካትማንዱ ለሚገኘው የውጭ ሥራ ስምሪት መምሪያ ማመልከት ይችላል።

«ይህ ነገር ከእኛ አገር ጠይብና ፋቂ ከሚባለው በምን ይለያል?» — ሁለት አንባቢዎች፣ ከደሴና ከጂማ

መነሻው ይቀራረባል፦ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን፣ ሸክላ የሚሠራውን ሥራውን እየፈለጉ ራሱን መሸሽ። በካፋ ማንጆዎች በሰው ቤት ዕቃ ሳይሆን በእንሰት ቅጠል ይቀርብላቸው የነበረው ከኔፓሉ ብርጭቆ ጋር አንድ ነው። አፄ ምኒልክ እጀ ብልሃተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከኔፓሉ የ1963 ሕግ ግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀድማል።

ልዩነቱ ሁለት ነው። ኔፓል መላውን ሕዝብ በአንድ የሕግ መጽሐፍ ከላይ እስከ ታች ደርድራለች፤ እኛ ዘንድ መገለሉ የየአካባቢው ልማድ ነው፣ አንዱ ወረዳ የሚሸሸውን ሌላው አያውቀውም። ሁለተኛው የስም ነገር ነው። እኛ የምንጠራው በአባት ስም ስለሆነ ወረቀታችን አያሳብቅም፤ የሚጠይቅ ቢኖር ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ነው። ኔፓላዊው ግን ትውልዱ መታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ትምህርት ቤት ሲገባም፣ ክፍል ሲከራይም፣ ሥራ ሲጠይቅም ይነበብበታል።

«ሲያትል የምሠራበት ድርጅት ውስጥ የደቡብ እስያ አለቆች ስለ ካስት ሲጎነታተሉ እሰማለሁ። እዚህ አገር ሕግ አለው?» — አንባቢ፣ ከሲያትል

እርስዎ ባሉበት ከተማ አለው። ሲያትል በፌብሩዋሪ 2023 ካስትን በአድልዎ ክልከላ ሕጓ ውስጥ በስሙ በማስገባት ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆናለች፤ ቅጥርን፣ ቤትንና የሕዝብ አገልግሎትን ይሸፍናል፣ አቤቱታውም የሚገባው ለከተማዋ የሲቪል መብቶች ቢሮ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 2022 የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ23ቱም ግቢዎቹ ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል፤ ግፊቱን ካደረጉት አንዱ ከኔፓል የሄደ ዳሊት ተማሪ ነበር። የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ሕግ ግን በኦክቶበር 2023 አገረ ገዢው «ያለው ሕግ ይበቃል» ብለው ሳይፈርሙበት ቀርቷል።

የሚሰሙትን ለመለየት ይህን ይወቁ፦ ጥያቄው በቀጥታ «ካስትህ ምንድን ነው?» ተብሎ አይመጣም። «የቤተሰብ ስምህ ሙሉው ማነው?»፣ «ከየትኛው መንደር ነህ፣ ከላይኛው ከታችኛው?»፣ «ቤታችሁ ሥጋ ይበላል?» እየተባለ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ቢጠየቅ ጨዋታ ነው። ከጥያቄው በኋላ ሰውዬው ከምሳ ጠረጴዛ፣ ከስብሰባ ወይም ከዕድገት ዝርዝር ከወጣ ግን ቀኑን ጽፈው ይያዙ፤ ምስክር ሆነው ሊጠሩ ይችላሉና።

«ካስት አልፈው ለሚጋቡ መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል መባሉ ቀልድ ነው?» — አንባቢ፣ ከአዳማ

ቀልድ አይደለም። በ2009 የኔፓል መንግሥት ዳሊትና ዳሊት ያልሆነ ለሚጋቡ ጥንዶች 100,000 ሩፒ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ብዙዎቹ ዳሊቶች አልወደዱትም፤ «እኛን ያገባ ካሳ ይከፈለው ማለት ነው?» ብለዋል። ጥንዶቹ ዕድሜያቸው 20 የሞላ፣ ጋብቻቸውም በሕግ የተመዘገበ መሆን አለበት። ለመመዝገብ ደግሞ የሁለቱም የዜግነት ወረቀት ያስፈልጋል፤ ከቤት በሌሊት የወጣች ልጅ ወረቀቷ አባቷ ሣጥን ውስጥ ነው።